ስንት በላ ወይስ መቼ በላ? የሕንጻ መብራት ሕግና ዕቃ ስትመርጡ

ባለፈው ሐምሌ የሕንጻችንን የመብራት ቢል ይዤ ቁጭ ብዬ ነበር። ሕንጻው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ያለ የ1960ዎቹ ኮንዶ ነው። ቆጣሪው አንድ ነው። የየቤቱም፣ የአሳንሰሩም፣ የጋራዡም ፍጆታ ተደምሮ በአንድ ቢል ይመጣል። እኔ ደግሞ ሰው ሲጠፋ የኮንዶ ቦርድ ውስጥ ተገፍተው ከገቡት አንዱ ነኝ።

ቢሉ በሁለት መንገድ ያስከፍላል። አንደኛው በወሩ ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደበላን ነው። ይኼን ሁሉም ያውቀዋል። ሁለተኛው «ዲማንድ» የሚሉት ነው። በወሩ ውስጥ በጣም የሳብንባት አንዲት ግማሽ ሰዓት ትፈለግና በሷ ልክ እንከፍላለን። የየግማሽ ሰዓቱን ንባብ ከኩባንያው ድረ ገጽ አውርጄ ፈለግኳት። ማክሰኞ፣ በኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል። ውጪው ይፋጃል። ኤሲው ባለ በሌለ ኃይሉ ይሠራል። ሰው ከሥራ ገብቶ ሻወር ውስጥ ነው። ጋራዥ መኪኖች ቻርጅ ላይ ተሰክተዋል። ሦስተኛ ፎቅ እንጀራ ይጋገራል። (የእንጀራውን የነገረኝ ኮሪደሩ ላይ የነበረው ሽታ ነው እንጂ ቆጣሪው አይደለም።)

ያው ሕንጻ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የዚያን ሲሶ እንኳ አይስብም።

በዚያው ሰሞን ሌላ ወረቀት መጣ። ካውንቲው «ቤፕስ» የሚባለውን ሕግ ማክበር እንዳለብን ያስታውሳል። ቤፕስ ማለት ትልልቅ ሕንጻዎች የኃይል አጠቃቀማቸውን እስከ ቀነ ገደቡ እንዲያሻሽሉ የሚያስገድድ ሕግ ነው። አንብቤ ስጨርስ አንድ ነገር ገረመኝ። ሕጉ ስንት እንደምንበላ ይጠይቃል። መቼ እንደምንበላ ግን አይጠይቅም። ያቺ ማክሰኞ ለሕጉ የለችም።

ይህ ጽሑፍ ለሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንዱ እንደኔ ኮንዶ ቦርድ ላይ የተቀመጠ፣ ሕንጻ የሚያስተዳድር ወይም የሕንጻ ቴክኒሺያን ሆኖ የሚሠራ ነው። ዲሲና አካባቢው እንዲህ ያለ ሐበሻ ሞልቶታል። ሌላው በሕዝብ አስተያየት መስጫ ላይ ቀርቦ «ሕጉ እንዲህ ይሁን» ለማለት የሚፈልግ ነው። ወሮቹና ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሰዓቱ ለምን ዋጋ አለው?

የዲሲ፣ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ መብራት ፒጄኤም በሚባለው የኃይል መረብ ውስጥ ነው። መረቡ ከ13 ግዛቶች፣ ከዲሲ ጋር ይዘልቃል። ፒጄኤም ለከፍተኛ ጭነት ቀን የሚጠባበቅ የማመንጫ አቅም በጨረታ አስቀድሞ ይገዛል። ለ2024/25 ለክልሉ በአጠቃላይ የወጣው ዋጋ ለ1 ሜጋዋት በቀን 28.92 ዶላር ነበር። ለ2025/26 269.92 ሆነ። ለ2026/27 329.17 ላይ ደረሰ፤ ያቆመውም ጣሪያ ስለተደረገለት ነው። በኪሎዋት ብንመልሰው በዓመት ከ11 ዶላር ገደማ ወደ 120 ዶላር ገደማ ማለት ነው። ምክንያቱ ብዙ ነው። ሰሜን ቨርጂኒያን የሞሏት የዳታ ማዕከሎች ግን ግንባር ቀደሙን ቦታ ይይዛሉ።

የትልልቅ ደንበኞች የዚህ ወጪ ድርሻ የሚሰላው በሰመር ከታዩት አምስት የመረቡ ከፍተኛ ሰዓቶች ነው። በዓመት 8,760 ሰዓት አለ። አምስቷ ብቻ ናት የምትቆጠረው! እነዚያን ሰዓቶች ዝግ ብሎ ያለፈ ሕንጻ በሚቀጥለው ዓመት ያነሰ ይከፍላል።

ካሊፎርኒያ ይኼን በሌላ መንገድ አይታዋለች። መስከረም 6 ቀን 2022 የመረቡ ጭነት 52,061 ሜጋዋት ደርሶ ክብረ ወሰን ሰበረ። ወደ ማታ ላይ መንግሥት በሚሊዮኖች ለሚቆጠሩ ስልኮች «መብራት ቀንሱ» የሚል መልእክት ላከ። በደቂቃዎች ውስጥ ከ1,000 ሜጋዋት በላይ ጭነት ወረደ። መብራት ሳይጠፋ አመሸ። ጥሩ ነው። ግን ሥርዓት አይባልም፤ ልመና ነው። ሰዓት የሚያውቅ ሕንጻ ቢኖር ሰዉ ስልኩን ሳያይ ቦይለሩና ኤሲው ራሳቸው ዝግ ይሉ ነበር።

የአሜሪካ የኢነርጂ ሚኒስቴር በ2021 ያወጣው ፍኖተ ካርታ እንደሚለው የአገሪቱን ኤሌክትሪክ ሦስት አራተኛ ገደማ የሚበሉት ሕንጻዎች ናቸው። ቆጣቢም ሰዓት አዋቂም ቢሆኑ በሁለት አሥርት ዓመታት ከ100 እስከ 200 ቢሊዮን ዶላር የኃይል ሥርዓት ወጪ ይድናል ይላል።

መጀመሪያ ሕጉ፦ ምን ይለካ?

ቤፕስ ያወጡ ከተሞች መለኪያቸው አንድ አይደለም። የኔ ምክር፣ ዕቃ ከመምረጣችሁ በፊት የናንተ ሕግ የትኛውን ሚዛን እንደያዘ እወቁ። አንዱ ሚዛን ላይ የሚያስመሰግን ዕቃ ሌላው ላይ ያስቀጣል።

ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ የኛው፣ በ2022 ባወጣው ሕግ የመረጠው ቀላሉን ነው። በዓመት ወደ ሕንጻው የገባው ኃይል ሁሉ፣ ጋዙም መብራቱም፣ ተደምሮ በስኩዌር ፊት ይካፈላል። ዴንቨርም እንዲሁ። ጥቅሙ ግልጽ ነው። ማንም የሒሳብ ማሽን ያለው ሰው ይረዳዋል። ጉዳቱን ወደ ታች አሳያለሁ።

ዲሲ በ2018ቱ የንጹሕ ኃይል ሕግ መሠረት ከ2021 ጀምሮ ኢነርጂ ስታር የሚባለውን የፌዴራል ፕሮግራም ነጥብ ይጠቀማል። ከ1 እስከ 100 የሚሰጥ፣ ሕንጻውን ከመሰሎቹ ጋር የሚያወዳድር ነጥብ ነው። ከመስፈርቱ በታች የሆነ ሕንጻ ፍጆታውን በ20 በመቶ እንዲቀንስ የሚያስችልም መንገድ አለው። የግል ሕንጻዎችን የሚጀምረው ከ50,000 ስኩዌር ፊት ነው። ቅጣቱ በስኩዌር ፊት እስከ 10 ዶላር፣ ጣሪያው 7.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። እዚህም ሰዓት የለም።

የሜሪላንድ ግዛት ሕግ፣ እሱም የ2022 ነው፣ ከ35,000 ስኩዌር ፊት በላይ ያሉትን ይይዛል። የሚያየው ሕንጻው ውስጥ የሚቃጠለውን ነው፦ ጋዝና ዘይት። በ2030 ከ2025ቱ በ20 በመቶ መቀነስ፣ በ2040 ዜሮ ማድረስ ይላል። ስለዚህ እኛ ባለ ሁለት ጌታ ነን፤ የካውንቲውንም የግዛቱንም እናከብራለን። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሁሉም ጋዙን ነቅሎ ኤሌክትሪክ ማሞቂያ ቢያስገባ ጭነቱ ወደ ዊንተር ማለዳ ይዞራል። በ2022 የፈረንጅ ገና ዋዜማ ፒጄኤም በብርዱ ምክንያት ከማመንጫዎቹ ሩብ የሚጠጋው ጠፍቶበት ሕዝቡ እንዲቆጥብ ለምኖ ነበር። ያን ቀን የጠፉት በአብዛኛው የጋዝ ማመንጫዎች ናቸው። የዊንተር ማለዳ ቀልድ እንዳልሆነ ግን አሳይቷል።

ኒውዮርክ የተሻለ አስባለች። በ2019 የወጣው «ሎካል ሎው 97» ከ25,000 ስኩዌር ፊት በላይ ያሉ ሕንጻዎችን የሚለካው በካርቦን ነው። ገደቡ በ2024 ጀመረ፣ በ2030 ይጠብቃል። ከገደቡ ላለፈ እያንዳንዱ ቶን 268 ዶላር ቅጣት አለ። አሁን ባለው ስሌት ለ1 ኪሎዋት ሰዓት 7.7 ሳንቲም ገደማ መሆኑ ነው፤ በመብራቱ ዋጋ ላይ ተጨምሮ። የሚያስደስተኝ ግን ሌላ ነው። ሕጉ ባለቤቱ ከፈለገ በሰዓት የተለያየ የካርቦን ስሌት እንዲጠቀም በር ከፍቷል። በከፍተኛ ጭነት ሰዓት የሚረዳ ባትሪ ላስገባም ተቀናሽ ይሰጣል። እስካሁን ከቆጠርኳቸው ሕጎች ሰዓት በሩን ያገኘችው እዚህ ነው ማለት ይቻላል። ቦስተንም ካርቦን ትለካለች። መቀነስ ያቃተው በቶን 234 ዶላር ከፍሎ ማለፍ ይችላል።

ለአዲስ ሕንጻ ከሆነ ካሊፎርኒያን የሚቀድም የለም። ከ2005ቱ የግንባታ ደንብ ጀምሮ ኪሎዋት ሰዓት ሁሉ እኩል አይደለም። የነሐሴ አመሻሽ ኪሎዋት ሰዓት ከሚያዝያ ሌሊቱ ብዙ እጥፍ ይመዝናል። አርክቴክቱ መስኮቱን ወደ ምዕራብ ሲያዞር ዋጋውን ወረቀት ላይ ያየዋል።

አውሮፓ ደግሞ ሌላ ነገር ሞከረች። በ2018 «የስማርት ዝግጁነት መለኪያ» የሚባል አመጣች። ሕንጻው ለነዋሪው፣ ለቁጠባውና ለመረቡ ምን ያህል ዝግጁ እንደሆነ ነጥብ ይሰጣል። እውነቱን ለመናገር ይኼኛው ብዙም አልማረከኝም። የሚለካው ችሎታን ነው፤ ሥራን አይደለም። ስማርት ቴርሞስታት (የቤት ሙቀት መቆጣጠሪያ) ተሰቅሎ ማንም ካልነካው ያው ነጥብ ያገኛል። ጀርመን ከጥር 2024 ጀምሮ ያደረገችው ይሻለኛል። ከ4.2 ኪሎዋት በላይ የሚስብ አዲስ ሂት ፓምፕ (ከአየር ሙቀት እየወሰደ የሚያሞቅ መሣሪያ) ወይም የመኪና ቻርጀር ሲገባ፣ መስመሩ ሲጨናነቅ የመስመሩ ድርጅት ወደ 4.2 ኪሎዋት ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። በለውጡ ደንበኛው የመስመር ክፍያ ይቀነስለታል። ሰጥቶ መቀበል ነው፣ አለቀ።

የኔ ፍርድ? ዓመታዊው ድምር ይቆይ። እሱን አውጥቶ በሰዓት ብቻ መለካት አደጋ አለው። ቀዳዳው ያልተደፈነ ሕንጻ ባትሪ ገዝቶ «ጎበዝ» ሊባል ይችላል። ጭነትን ከሰዓት ወደ ሰዓት ማዛወር ብቻውን አልሸሹም ዞር አሉ ነው። ግን ከድምሩ ጎን አንዲት መስመር ትጨመር፦ በመረቡ ከፍተኛ ሰዓቶች ስንት ሳብክ? የቀነሰ፣ ከሚጠበቅበት ዓመታዊ ቅነሳ ላይ ትንሽ ይታሰብለት። ትንሽ ነው ያልኩት። ከተማ ምክር ቤት ፊት ቀርባችሁ የምትናገሩ ከሆነ ይኼን ብቻ ብትሉ ይበቃል።

አሁን ዕቃው

ለኛ ቦርድ የመጡ ሻጮች አራት ናቸው። ሦስቱ ስማርት የሚለውን ቃል ከስማቸው በፊት ነው የሚጠሩት። እኔ እንዲህ አየኋቸው።

*መድፈንና ማስተካከል።* በሩን፣ ጣሪያውን፣ መስኮቱን መድፈን፤ የኤሲውንና የፓምፑን የሥራ ሰዓት ማስተካከል። አሰልቺ ነው፣ ፎቶ አይነሳም። ግን በየትኛውም ሚዛን ይቀንሳል፦ በድምር፣ በካርቦን፣ በሰዓት። ኒውዮርክ ያለው ኢምፓየር ስቴት ሕንጻ ከ2009 በጀመረው እድሳት 6,514 መስኮቶቹን እዚያው ሕንጻው ውስጥ አድሶ መለሰ። ከሌሎች ሥራዎች ጋር ተደምሮ ፍጆታው በ38 በመቶ ወርዷል። ቤቱ ከታፈነ ደግሞ ቅዝቃዜውን ይይዛል፤ ኤሲው ለሁለት ሰዓት ዝግ ቢል ማንም አይሰማውም። ጭነትን ከከፍተኛው ሰዓት ማሸሽ እዚህ ይጀምራል። ይኼን ሳይሠሩ ወደ ባትሪ መሄድ ቀዳዳ ጀሪካን ላይ ቧንቧ መክፈት ነው።

*ቦይለር።* እኔ የወደድኩት ይኼን ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። ተራው የኤሌክትሪክ ቦይለር ውኃ ሲያሞቅ 4,500 ዋት ይስባል። የሂት ፓምፕ ቦይለር ከክፍሉ አየር ሙቀት ስለሚወስድ ብዙውን ጊዜ በ500 ዋት ገደማ ይሠራል። ገና ምንም «ስማርት» ሳይባል ጭነቱ ወደ አንድ ዘጠነኛ ወረደ። ለማሞቅ የሚወስደው ጊዜ ረዘም ይላል፤ ዓመታዊ ፍጆታው ግን ከተራው ሲሶ ገደማ ነው።

ሌላም አለ። ታንኩ ራሱ ባትሪ ነው። 190 ሊትር ውኃ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስታሞቁት 4.4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሙቀት ይይዛል። ሊቲየም የለበትም፣ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ፈቃድ አያስፈልገውም፣ ምድር ቤት ቆሞ ዝም ይላል። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ አሙቁት፤ ከ10 እስከ 1 ሰዓት ማታ ዝም ይበል። ሻወር የሚወስደው ሰው ልዩነቱን አያውቅም። ዋሽንግተን ግዛት (ሲያትል ያለችበት) ይኼን ገብቷት በ2019 ሕግ አወጣች። ከጥር 2021 ጀምሮ የተመረተ የኤሌክትሪክ ቦይለር ከመረቡ ምልክት የሚቀበል ወጥ ሶኬት እንዲኖረው የሚያዝ ነው። ቦይለር ስትገዙ ያ ሶኬት እንዳለው ጠይቁ። ዛሬ ባትጠቀሙበት ነገ ትፈልጉታላችሁ።

ሁለት ማሳሰቢያ። ውኃውን ከተለመደው በላይ የምታሞቁ ከሆነ መውጫው ላይ ቀዝቃዛ የሚቀላቅል ቫልቭ ይግባ፤ አለዚያ ልጅ ይቃጠላል። በጣም እንዲቀዘቅዝም አትተዉት፤ ለብ ያለ ታንክ ባክቴሪያ ያረባል። በተጨማሪ ሂት ፓምፑ ያለበትን ክፍል ያቀዘቅዛል፣ ትንሽም ያጉረመርማል። መኝታ ቤት ጎን አይቀመጥም።

*ቴርሞስታትና ኤሲ።* ርካሹ መንገድ ይኼ ነው፤ ሰው የሚያስቀይመውም ይኼ ነው። አሠራሩ ጥሩ ነው፦ ከሰዓት በኋላ ቤቱን ሁለት ሦስት ዲግሪ ፋራናይት አስቀድሞ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ በከፍተኛው ሰዓት መተው። የኛ ዓይነት ባለ ኮንክሪት ሕንጻ ቅዝቃዜውን ይዞ ያመሻል። ነገር ግን በነሐሴ 2022 ኮሎራዶ ውስጥ የሆነውን አስታውሱ። 22,000 ገደማ ደንበኞች በሙቀቱ መሀል ቴርሞስታታቸው ተቆልፎ አገኙት። ለመመዝገቢያ 100 ዶላር፣ ከዚያ በዓመት 25 ዶላር ብለው ተስማምተው ነበር። ውሉ ላይ ድንገተኛ ጊዜ ሲሆን መቆለፍ እንደሚቻል ተጽፏል። ማን ያነባል? ስለዚህ የኔ መስፈርት አንድ ነው፤ ነዋሪው በማንኛውም ሰዓት «አልፈልግም» ብሎ መመለስ የሚችልበት ቁልፍ ከሌለ አትፈርሙ። አዛውንትና ሕመምተኛ ያለበት ቤት ከመጀመሪያውም አይግባ።

*የመኪና ቻርጀር።* እዚህ ላይ ብዙ አልናገርም፣ ግልጽ ነው። አንድ ተለምዷዊ የቤት ቻርጀር 7.2 ኪሎዋት ይስባል። አሥር መኪና አንድ ላይ ሲሰካ 72 ኪሎዋት ነው። አንድ መኪና ለዕለት ጉዞው የሚያስፈልገው አብዛኛውን ጊዜ 10 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ያ ደግሞ የሰዓት ተኩል ሥራ ነው። መኪናው ግን ጋራዥ ውስጥ 12 ሰዓት ይቆማል። ተራ በተራ እንዲሞላ የሚያደርግ ሥርዓት ያለው ቻርጀር ግዙ። የሕንጻውን የኤሌክትሪክ ፓናል ከማሳደግ ወጪ ያድናችኋል።

*ባትሪ።* ከሻጮቹ ሁሉ ቆንጆ ስላይድ ያመጣው የባትሪው ነው። ዲማንዱን ይቆርጣል፣ አሳንሰሩን መብራት ሲጠፋ ያንቀሳቅሳል። እውነት ነው። አንድ ያልነገረን ነገር ነበር። ባትሪ ያስገባችሁትን ሁሉ አይመልስም። ከ100 ኪሎዋት ሰዓት 12 ያህሉ በመንገድ ይቀራል እንበል። በቀን 100 ኪሎዋት ሰዓት ብናዛውር በዓመት 4,400 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይባክናል። 130,000 ስኩዌር ፊት ላለው ሕንጻ ኢምንት ነው። ግን የካውንቲያችን ሚዛን ላይ እንደ ተጨማሪ ፍጆታ ይቆጠራል! መረቡን በመርዳታችን ነጥብ ይቀነስብናል። ማታ በረዶ ሠርቶ ቀን በበረዶው የሚያቀዘቅዝ ሥርዓትም፣ ኒውዮርክ ያለው የጎልድማን ሳክስ ዋና መሥሪያ ቤት እንዳለው ዓይነት፣ ያው ችግር ይገጥመዋል። በረዶ ለመሥራት ማሽኑ ከቀዝቃዛ ውኃ ይልቅ ብዙ ይደክማል። ኒውዮርክ ተቀናሽ ይገኛል፤ እኛ ጋ የለም። ሕጉን አስቀድማችሁ እወቁ ያልኩት ለዚህ ነው። ሻጩን ስጠይቀው «ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አጣርቼ እደውላለሁ» አለ። እስካሁን አልደወለም።

ሌላው ቦታ ነው። ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ ሊቲየም ባትሪ ከሕንጻ ውስጥ ማስገባት የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቱን ማሳመን ይጠይቃል፤ ቀላል አይደለም። የፌዴራል ማበረታቻውም ተለዋውጧል። በሐምሌ 2025 በወጣው ሕግ ግለሰብ የቤት ባለቤት ለሶላርና ለባትሪ ያገኝ የነበረው የ30 በመቶ የታክስ ክሬዲት በ2025 መጨረሻ አብቅቷል። የንግድ ባትሪ ላይ ያለው ቀጥሏል፣ ዕቃው ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ሁኔታ ተጨምሮበት። ሻጭ «30 በመቶ መንግሥት ይከፍላል» ካላችሁ ለየትኛው ደንበኛ፣ በየትኛው አንቀጽ ብላችሁ ጠይቁ።

ታዲያ ለናንተ የቱ?

የራሳችሁ ቆጣሪ ያለው ታውንሃውስ ውስጥ ከሆናችሁ ቤፕስ አይመለከታችሁም። ዲማንድም ብዙውን ጊዜ አትከፍሉም። ቦይለራችሁ ሲያረጅ በሂት ፓምፕ ቀይሩ። ኩባንያችሁ በሰዓት የሚለያይ ዋጋ ካለው ተመዝገቡ፣ መኪናችሁን ሌሊት ሙሉ። ከዚያ በላይ አትጨነቁ።

እንደኛ አንድ ቆጣሪ ያለው ኮንዶ ከሆነ መጀመሪያ የየግማሽ ሰዓቱን ንባብ የአንድ ዓመት አውርዱ። ይኼ በነጻ ነው፣ ከሻጭ ስላይድ ሁሉ ይበልጣል። ከፍተኛዋ ሰዓት በሰመር አመሻሽ ከሆነች ቦይለር፣ ቻርጀር፣ ቅድመ ማቀዝቀዝ። በዊንተር ማለዳ ከሆነች ነገሩ ማሞቂያው ነው፤ መድፈኑ ይቅደም።

ቢሮ ሕንጻ የምታስተዳድሩ ከሆነ አንድ ማዕከላዊ መቆጣጠሪያ ስላላችሁ ከሁላችንም ትቀድማላችሁ። የምትገዙት ሥርዓት የሌላ አምራች ዕቃም በሚረዳው ክፍት ቋንቋ የሚነጋገር ይሁን፤ አለዚያ ሻጩን ያገባችሁት ያህል ነው። ቤተ ክርስቲያንና አዳራሽ ከሆነ ጉዳዩ ይለያል። በሳምንት ሁለት ቀን ይሞላል፣ አምስት ቀን ባዶ ነው። እሑድ ጧት ሁሉንም ማሽን በአንድ ጊዜ ማስነሳት የወሩን ዲማንድ ይሠራል። በየተራ በግማሽ ሰዓት ልዩነት አስነሱት። ወጪው የአንድ ሰው የእጅ ሰዓት ነው።

ዘመድ ከአዲስ አበባ ደውሎ «ለኛስ?» ቢለኝ የምመልሰው ሌላ ነው። የኢትዮጵያ ኃይል ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ ነው፤ በመስከረም 2025 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ብቻ 5,150 ሜጋዋት አቅም አለው። ኒውዮርክን ኮርጆ በካርቦን የሚለካ ሕግ ማውጣት ትርጉም የለውም። የሚጨንቀው የሰፈሩ ትራንስፎርመር ነው። ከ3,000 ዋት በላይ የሚስብ ምጣድ በየቤቱ አመሻሽ ላይ ሲበራ፣ በዚያ ላይ ከ2024 ወዲህ የነዳጅ መኪና ማስገባት ተከልክሎ የኤሌክትሪኩ ሲበዛ፣ እዚያ ከድምር ይልቅ ሰዓቷ ናት የምትለካው። አዲስ ለሚሠራ አፓርታማ የጋራ ቻርጀርና ቦይለር ላይ ሰዓት ቆጣሪ ማስገደድ ብዙ ወጪ የለውም።

እኛ ምን አደረግን?

ቦርዱ ሦስት ጊዜ ተሰበሰበ። ባትሪውን ለጊዜው ተውነው። የሚያረጁትን ቦይለሮች በየተራ በሂት ፓምፕ ልንቀይር፣ ጋራዡ ተራ ጠባቂ ቻርጀር እንዲኖረው፣ የጣሪያውን በርና የአየር ቀዳዳዎቹን ልንደፍን ተስማማን።

ከዚያ አንድ አባል አሳንሰሩ ውስጥ ማስታወቂያ ለጠፈ። በእንግሊዝኛ፣ በስፓኒሽና በአማርኛ «ከቀኑ 10 እስከ ማታ 1 ሰዓት ከባድ የኤሌክትሪክ ዕቃ አይጠቀሙ» ይላል። አማርኛውን የተረጎምኩት እኔ ነኝ፣ ሳላስብ። በማግስቱ የሦስተኛ ፎቋ እናት ሎቢ ላይ ያዙኝ።

«አንተ ልጅ፣ እንጀራዬን እኩለ ሌሊት ጋግሪ ልትለኝ ነው?»

«የለም እማማ፣ እንደሱ ለማለት አይደለም።»

«ታዲያ ምንድነው የለጠፋችሁት? ሊጡ እኮ ቢል አያነብም፣ ከደረሰ ደረሰ ነው።»

ሳስበው የሳቸው ምጣድ 1,500 ዋት ገደማ ነው። ምድር ቤት ካሉት አሮጌ ቦይለሮች የአንዱን ሲሶ። ወረቀቱን ያን ቀን ነቀልኩት።

«እርስዎ እንደለመዱት ይጋግሩ» አልኳቸው። «የሚጠብቀው ቦይለሩ ነው።»

«እሱ ይጠብቅ» ብለው አሳንሰሩን ጠሩ።